የኮሌታ ሰፊዋ ማካካሻ

ዕድሜዋ ሃምሳ አራት ዓመት ነው። በየማለዳው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትነሣለች፤ ዳቦና ሻይዋን ቆማ ትጨርሳለች፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ አውቶቡስ ትሳፈራለች። ጉዞው አርባ ደቂቃ ነው። አንድ ሰዓት ሲሆን ማሽኗ ፊት ተቀምጣለች። ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ትነሣለች፤ ስድስት ተኩል ላይ ትመለሳለች፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ማሽኗን ጨርቅ አልብሳ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ይህንኑ ሳታዛንፍ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች።

የምትሠራው የወንድ ሸሚዝ በሚሰፋበት ፋብሪካ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረጅሙ አዳራሽ ውስጥ ማሽኖቹ በአራት መስመር ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ መስመር አሥራ ስምንት ሰው ይቀመጣል። ሸሚዙ ከመስመሩ አንድ ጫፍ ትከሻና ጀርባ ብቻ ሆኖ ይነሣል፤ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ኪስ ያወጣል፣ ኮሌታ ያገኛል፣ እጅጌ ያበቅላል። ሌላኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚቀረው መተኮስ ብቻ ነው። እሷ ዘጠነኛዋ ናት፤ ኮሌታውን የምትገጥመው። ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይኸው ነው፤ የግራውና የቀኙ ጫፍ መንታ ካልመሰሉ ሸሚዙን የሚገዛው የለም። በቀን አራት መቶ ኮሌታ ትገጥማለች። በስሟ የሚጠራት ሰው ስለሌለ፣ አዲስ የሚቀጠሩት እውነተኛ ስሟን ሳያውቁ ዓመት ይሞላቸዋል። ሁሉም የሚሏት እትዬ ኮሌታ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ባሏ ደግሞ ሲያሾፍባት «ወይዘሮ ኮሌታ» ይላታል።

የመስመር ሥራ የራሱ ሕግ አለው። አንዱ ከተነሣ ከፊቱ ያለው ሥራ ይከመራል፤ ከኋላው ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ለመጸዳጃ ቤት የሚነሣ ሰው ከአለቃው ጠረጴዛ አጠገብ የተሰቀለውን ሰማያዊ ካርድ ያነሣል፤ ለመስመሩ ያለው ካርድ አንድ ብቻ ነው። ከዕለቱ ቁጥር የጎደለው ደግሞ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ገብቶ የጎደለውን ይሞላል። ይህን ማካካሻ ይሉታል። ስድብም ቅጣትም አይደለም፤ ሰኞ የጎደለ ቅዳሜ ይሞላል፣ ሳምንቱም ሙሉ ሆኖ ይዘጋል። እሷ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ማካካሻ የገባችው ሰባት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ሰባቱንም ከነምክንያታቸው ትቆጥራቸዋለች።

ከአራት ወር በፊት እግሯ ያብጥ ጀመር። መጀመሪያ የቁርጭምጭሚቷ አጥንት ጠፋ፤ ቀጥሎ የፋብሪካው ደረጃ አላስወጣ አላት፤ በኋላም ሦስት ትራስ ካልደራረበች መተኛት አቃታት። ሐኪሙ መረመራትና የልብ ድካም መሆኑን ነገራት። ልቧ ደሙን እንደ ድሮው አጥብቆ ስለማይገፋ ውኃው ወደ ኋላ እየቀረ እግሯና ሳንባዋ ውስጥ እንደሚጠራቀም አስረዳት። ከታዘዙላት መድኃኒቶች አንዱ የሚያሸና ኪኒን ነበር፤ ጠዋት ጠዋት አንድ። ሦስት ሳምንት ቤቷ ዐረፈች፤ ኪኒኑን በሰዓቱ ወሰደች፤ እግሯ ወደ መልኩ ተመለሰ፤ ትራሶቹም ወደ አንድ ወረዱ። ለሥራ ባልደረቦቿ ግን ወለምታ ነው አለቻቸው።

ወለምታ ያለችው በምክንያት ነው። ባለፈው ዓመት ከሦስተኛው መስመር አንዲት የእጅጌ ጫፍ ሰፊ ታማ ስትመለስ፣ አለቃው «ለጤናሽ ይሻላል» ብሎ ክር መልቀሚያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ጠረጴዛ ወደ ማሽን የተመለሰ ሰው የለም። እዚያ የሚሠራው በትንሽ መቀስ የተረፈ ክር መቁረጥ ነው። ኮሌታ ሰፊዋ ከሞት ባልተናነሰ የፈራችው ያንን መቀስ ነበር።

ሥራ በተመለሰች በመጀመሪያው ቀን ከምሳ በፊት አራት ጊዜ ካርዱን አነሣች። በአራተኛው ስትመለስ፣ ከእሷ ቀጥላ የምትቀመጠውና እጅጌ የምትገጥመው የሁለት ልጆች እናት፣ ማሽኗ ላይ በክርኗ ተደግፋ ጠበቀቻት። እሷንም ሰዉ የሚጠራት በሥራዋ ነው፤ እጅጌ ይሏታል።

«እትዬ ኮሌታ፣» አለች እጅጌ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ካርዱን እንደ ሐብል አንገትሽ ላይ ብታንጠለጥዪው አይሻልም? ምስማሩ እኮ ሊነቀል ነው!»

መስመሩ በሳቅ ተንከተከተ።

«አንቺ ደግሞ ምላስሽን ከእጅጌው ጋር ደርበሽ ስፊው!» አለችና አብራቸው ሳቀች። ሳቁ ግን ከአፏ አላለፈም። በዚያ ሳምንት ስልሳ አንድ ኮሌታ ጎደለባት።

ቅዳሜ ለስምንተኛ ጊዜ ማካካሻ ገባች። አዳራሹ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፤ አምስት ማሽን ብቻ ይንጫጫል። ስልሳ አንዱን ኮሌታ ገጥማ ስትጨርስ አለቃው ከስሟ ፊት ምልክት አደረገ፤ ጉድለቱም እንዳልነበረ ሆነ። ሐሳቡ የመጣላት ማሽኗን ስታለብስ ነው። የጎደለ ኮሌታ ቅዳሜ የሚሞላ ከሆነ፣ የጎደለ ኪኒን ለምን አይሞላም? ከሰኞ እስከ ዓርብ አምስት ይጎድላል። ቅዳሜ ሦስት፣ እሑድ አራት ብትውጥ ሰባት ይሆናል። ሳምንት ሰባት ቀን ነው። ሒሳቡ እንከን አልነበረውም።

ስድስት ሳምንት እንዲሁ ኖረች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ካርዱን አልነካችም ለማለት ይቻላል፤ ቁጥሯም ወደ አራት መቶ ተመለሰ። ሐሙስ ሐሙስ ጫማዋ ይጠባታል፤ ዓርብ ሌሊት ሁለተኛው ትራስ ይመለሳል፤ ከትራሱ ጋር ደረቅ ሳል ይመጣል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አትርቅም።

«አንቺ ሴትዮ፣» አላት ባሏ አንድ እሑድ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተራውን ሲጠብቅ፣ «ቤቱን ለሁለት የተከራየነው መስሎኝ ነበር። ይቺን ክፍል ለብቻሽ ያዝሻት?»

«ሻይ አበዛሁ፣» አለች ከውስጥ።

«እንግዲያው ሻዩን እዚያው ላምጣልሽ፤ መመላለሱ ይቀርልሻል።»

እሑድ ማታ አፏ ይደርቃል፤ ከወንበር ስትነሣ ግድግዳው ይዞርባታል። ሰኞ ጠዋት ግን ቁርጭምጭሚቷ ቀጭን ነው፤ ጫማዋ ይሰፋታል። ለእሷ ማስረጃው ይህ ነበር። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ወደ መድኃኒት ቤት ሄደች፤ ባለሙያዋ «በየቀኑ እየወሰዱ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። «አንድም አላስተረፍኩም፣» አለች። የኪኒኑን ማሸጊያ ብትቆጥረው እንኳ አንድም ፍሬ አይዛነፍም ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ማግስት፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቀኝ ባቷ ድንገት ተኮማትሮ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። እግሯ ያለ ፈቃዷ ፔዳሉን ወደ ታች ረገጠው። ማሽኑ በሙሉ ፍጥነቱ ሮጠ፤ ኮሌታውን ይዞ፣ ኮሌታውን የያዘውንም እጅ ይዞ። መርፌው በግራ አመልካች ጣቷ ጥፍር ገብቶ በወዲያ ወጣ።

አልጮኸችም። የጮኸችው እጅጌ ናት። ዘላ ማጥፊያውን መታች፤ መንኰራኩሩን በእጇ አዙራ መርፌውን አወጣችው፤ ደሙን በገዛ መሐረቧ አሰረችው። ኮሌታ ሰፊዋ «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» እያለች ልትነሣ ስትል ዐይኗ ጨለመባት፤ እጅጌ ባትደግፋት ኖሮ ወለሉ ላይ ትዘረጋ ነበር።

የፋብሪካው ነርስ ጣቷን አጥባ አሰረችላት። ከዚያ ተቀምጣ ሳለች የደም ግፊቷን ለካች፤ አስነሥታ ደግማ ለካች። ሁለተኛው በጣም ወርዶ ነበር። ነርሷ በሩ ላይ የቆመችውን እጅጌን ወደ ሥራዋ ሰደደቻትና በሩን ዘጋች።

«እትዬ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

በሩ መዘጋቱን ዞራ አየች። ከዚያ የመድኃኒቶቹን ስም አንድ በአንድ ነገረቻት።

«የሚያሸናውን ዛሬ ጠዋት ወስደዋል?»

«ዛሬ እኮ ሰኞ ነው።»

«ሰኞ ምን አለ?»

«ሰኞ የሥራ ቀን ነዋ!»

ነርሷ ቀና ብላ አየቻት። «ትናንትስ?»

«ትናንት አራት።»

«ከትናንት ወዲያ?»

«ሦስት።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አምቡላንስ ጠራች።

ባሏ ሆስፒታል የደረሰው ከፀጉር ቤቱ መደረቢያውን እንኳ ሳያወልቅ ነው። አንዱን ደንበኛ ግማሽ ጢሙን ላጭቶ ትቶት መጥቷል። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ነገሩን ከመጀመሪያው ሲሰማ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እያሽከረከረ ቆየ።

«አራት?» አለ ኋላ። «እኔ እኮ በሻይ ስቀልድ ነበር።»

«ቀልድህ ምን አደረገኝ?» አለች።

የደም ምርመራው ውጤት መጣ። ሐኪሙ ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረና ከቁጥሮቹ መካከል አንዱን በጣቱ አሳያት። ፖታሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር በጣም ወርዷል። የልቧን ምት በማሽን መረመሩ፤ ፖታሲየሙን የሚተካ ፈሳሽ አጠጧት፤ እስኪስተካከልም ሌሊቱን እዚያው እንድታድር ወሰኑ።

«ምን ብለው ነው ያጠራቀሙት?» አላት ሐኪሙ። ቁጣ አልነበረበትም፤ በእርግጥ ማወቅ የፈለገ ሰው አጠያየቅ ነበር።

ማካካሻን አስረዳችው። ሐኪሙ እስክትጨርስ ሰማት፤ ከዚያ ወንበሩን ወደ አልጋዋ አስጠጋ።

«ያልተገጠመ ኮሌታ ቅዳሜ እስኪደርስ ምንም አይሆንም፤ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቅዎታል። ያልወሰዱት ኪኒን ግን አይጠብቅም። በዚያው ቀን ውኃው እግርዎ ውስጥ ይገባል፤ ሳንባዎ ውስጥ ይገባል። ዓርብ ዓርብ የሚያስልዎት እሱ ነው። እሑድ አራቱን አንድ ላይ ሲውጡ ደግሞ ኪኒኑ የሰኞን ውኃ ከእሑድ ውኃ አይለይም። ያገኘውን ሁሉ ይነዳል። ከውኃው ጋር ፖታሲየሙም ይሄዳል፤ ጡንቻ ደግሞ ያለ እሱ በወጉ አይሠራም። ባትዎ የተኮማተረው ለዚህ ነው።» ደረቱን በመዳፉ ነካ። «ልብም ጡንቻ ነው፣ እትዬ። ዛሬ የተወጋው ጣትዎ ነው። ልብዎ ምቱን ቢስት ግን ማጥፊያውን ዘሎ የሚመታልዎት ሰው የለም።»

ባሏ ኮፍያውን ማሽከርከር አቆመ።

«አንድ ቀን ብረሳውስ?» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«ጠዋት ረስተው ቀትር ላይ ካስታወሱ ይውሰዱት። ቀኑ መሸት ካለ ግን ይተዉት፤ በማግስቱ እንደ ወትሮው አንድ። ሁለት የሚባል ነገር የለም።»

«እንግዲያው ማታ ልውሰደው። ከሥራ ስገባ።»

«ወደፊት ሰዓቱን ልናስብበት እንችል ይሆናል። አሁን ግን ሲነሡ ግፊትዎ ይወርዳል፤ ሌሊት እየተነሡ በጨለማ ቢወድቁ ጭንዎ ይሰበራል። ለጊዜው ጠዋት ነው፤ የሥራ ቀንም ይሁን የዕረፍት ቀን በዚያው ሰዓት። ጠዋት ተነሥተው ከሸኑ በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ ይመዘኑ። በሁለት ሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ከጨመሩ ይደውሉልኝ፤ በራስዎ ኪኒን አይጨምሩ። ካስመለሰዎት ወይም ካስቀመጠዎትም ይደውሉ፤ ያን ጊዜ ውኃው በሌላ በኩል እየወጣ ነው። ሌላ የሚወስዱት አለ?»

«የለም። አልፎ አልፎ የወገብ ማስታገሻ፣ ከእጅጌ የማገኘው።»

«ከእጅጌ?»

«ሰው ናት፣» አለ ባሏ።

ሐኪሙ የማስታገሻውን ስም ጠየቀና ራሱን ነቀነቀ። ያ ኪኒን ውኃን ሰውነት ውስጥ እንደሚያስቀር፣ ከሚያሸናው ጋር ተደርቦም ኩላሊት እንደሚጎዳ ነገራት። ለወገቧ ሌላ አዘዘላት። በሳምንቱ ደሟ እንደገና እንዲመረመር ቀን ቆረጠላት። መጨረሻ ላይ ለመሥሪያ ቤቷ የሚሆን ደብዳቤ ጻፈ፤ በፈለገች ሰዓት መነሣት ይፈቀድላት የሚል። ደብዳቤውን አራት አጥፋ ቦርሳዋ ታች ከተተችው።

ማክሰኞና ረቡዕ ቤቷ ዋለች። ባሏ ከጎረቤት ሱቅ ሚዛን ገዝቶ መጣ፤ እኩል ወለል ፍለጋ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞሮ መስኮቱ ሥር አኖረው። ረቡዕ ጠዋት ቆመችበት።

«ስልሳ ስምንት ኪሎ ከአራት መቶ፣» አለ ጎንበስ ብሎ እያነበበ። «ስንጋባ አርባ ዘጠኝ ነበርሽ።»

«ስንጋባ አንተም ፀጉር ነበረህ። ጻፈው።»

ቁጥሩን ከነቀኑ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የቀን መቁጠሪያ ላይ ጻፈው። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ለኔ እንኳ አልነገርሽኝም፣» አለ።

«ብነግርህ ሥራውን ተይው ትለኝ ነበር።»

«እል ነበር፣» አለ። እስክሪብቶውን አስቀምጦም፣ «አሁን ግን አልልም። ብቻ አንቺ ንገሪያቸው። እነሱ ከሌላ ሰው ከሰሙት ነው መቀሱን የሚያስጨብጡሽ፣» አላት።

ሐሙስ ጠዋት አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጣ አርባውን ደቂቃ አሰበች። ኪኒኑ ከተወሰደ በኋላ ጎልቶ የሚሠራው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሰዓታት ነው። ቤቷ ብትውጠው አውቶቡስ ላይ ይይዛታል። ስለዚህ ከአውቶቡስ ከወረደች በኋላ ትውጠዋለች፤ ቅዳሜና እሑድም በዚያው ሰዓት። ከዚያ እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል አራት ጊዜ ትነሣለች፤ በአንድ ጊዜ አምስት ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ ነው። ሃያ ደቂቃ አንድን መስመር አይገድልም። መስመሩ የሚቆመው ኮሌታ የሚገጥም ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። ሌላ ሰው የሌለው ደግሞ ማንም እንዲማረው እሷ ፈቅዳ ስለማታውቅ ነው። እጅጌ ላይ ግን ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ አንዷ ቀኙን፣ አንዷ ግራውን ትይዛለች፤ አንዷ ብትነሣ ሌላዋ ሁለቱንም እየገጠመች ታቆየዋለች።

ደብዳቤውን አለቃው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ከእሷ በአሥር ዓመት የሚያንስ፣ ጨዋ ሰው ነው። አነበበውና መነጽሩን አወለቀ።

«እትዬ፣ ልብዎን ታመው ወለምታ አሉን?»

«አልኩ።»

«ምነው? እኛ ጠላትዎ ነን?» ደብዳቤውን አጠፈው። «ግድ የለም። ክር መልቀሚያው ጋ ወንበር አለ፤ እዚያ ካርድ የለም፣ መስመር የለም፤ እንደ ፈለጉ ይነሣሉ። ለጤናዎ ብዬ ነው።»

«ጤናዬን ሐኪሙ ይዞልኛል፤ አንተ መስመሩን ያዝ፣» አለችው። ከዚያም አውቶቡስ ላይ ያሰበችውን ነገረችው። ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል እጅጌው ላይ ትቀመጣለች፤ በዚያ ሰዓት ኮሌታውን እጅጌ ትይዘዋለች። ከሦስት ተኩል በኋላ እያንዳንዳቸው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

«እሷ ኮሌታ አትችልም፣» አለ አለቃው።

«አስተምራታለሁ።»

«የሚበላሸውስ?»

«ይበላሻል። መጀመሪያ ላይ የኔም ተበላሽቷል፤ አንተ ያኔ አልነበርክም።»

አለቃው ቀና ብሎ ወደ አዳራሹ ተመለከተ። «አንድ ወር፣» አለ። «ቁጥሩ ካልተመለሰ ግን ስለ ወንበሩ እንነጋገራለን።»

«እንነጋገራለን።»

ምሳ ሰዓት ላይ መስመሩ በሙሉ አንድ ጠረጴዛ ከቦ ሲበላ ነገረቻቸው። ረጅም ንግግር አላደረገችም። ልቧ ደካማ እንደሆነ፣ የሚያሸና ኪኒን እንደምትወስድ፣ ጠዋት ጠዋት ደጋግማ እንደምትነሣ ብቻ አለች። እጅጌ የያዘችውን ማንኪያ አስቀመጠች።

«እኔ ደግሞ በካርዱ… ኧረ እትዬ፣ አፈር ስሆን!»

«አፈር ለመሆን ጊዜ የለሽም። ከነገ ጀምሮ ኮሌታ ትማሪያለሽ።»

«እኔ? ኮሌታ? ሰዉ ሸሚዙን ለብሶ አንገቱን ወደ ግራ አጣሞ እንዲሄድ ነው?»

አሁን ሁሉም ሳቁ፤ እሷም የምሯን ሳቀች።

ዓርብ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አንዷን ኪኒን በአንድ ብርጭቆ ውኃ ዋጠች። እጅጌ በእሷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ኮሌታ ጠመመ፤ ተፈታ። ሁለተኛውም ጠመመ። በሦስተኛው ላይ ኮሌታ ሰፊዋ በታሰረ ጣቷ ጨርቁ የሚያዝበትን ቦታ እያሳየቻት ሳለ፣ መነሣት እንዳለባት ተሰማት። ከፊታቸው ሥራው ከወዲሁ ተከምሯል፤ አለቃውም ከጠረጴዛው ቀና ብሎ ያያቸዋል። ይህ ኮሌታ እስኪያልቅ ትጠብቅ እንደሆነ አሰበች። ከዚያ ወሰነች፤ ጨርቁን ለእጅጌ እጅ ትታ፣ ማሽኑን ተደግፋ ቀስ ብላ ተነሣችና ወጣች።